ድምፃቸው የሚቀራረብ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት፤ በተለይም ከአረቅጥ ተማሪ አንጻር

በእንግሊዝኛ ቋንቋ መርከብና በግ በስም ጎረቤታሞች ናቸው። ሁለቱም ቃላት በ«ሽ» ድምፅ ጀምረው በ«ፕ» ይጨርሳሉ፤ የሚለያቸው በመካከል የሚገኘው አናባቢ ብቻ ነው። የመርከቡ አናባቢ አጭርና ላላ ያለ ሲሆን፣ የበጉ ግን ረዘም ያለና ከንፈርን ወደ ጎን የሚስብ ነው። እንግሊዛዊው ሕፃን ይህን ልዩነት ማንም ሳያስተምረው ከእናቱ አንደበት ይቀስመዋል። አማርኛ ተናጋሪው ግን ሁለቱንም በሣልስ «ሺፕ» ብሎ ስለሚቀበላቸው በጆሮው አንድ ይሆናሉ። እንደዚሁም መኖርና ለቆ መሄድ «ሊቭ»፣ መሙላትና በስሜት ማወቅ «ፊል»፣ ቆብና ኩባያ «ካፕ»፣ ድመትና መቁረጥ «ካት»፣ ሙሉና ሞኝ «ፉል»፣ ማሰብና መስመጥ «ሲንክ» ይሆኑበታል።

ይህ ጉዳይ የሥነ ልሳን ሊቃውንት ብቻ የሚጫወቱበት ረቂቅ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ተማሪ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሻገር ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። በፊዚክስ ትምህርት ሙቀት የሚለው ቃልና መምታት የሚለው ቃል በአንድ የ«ሂት» ድምፅ ሲነገሩ፣ ተማሪው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ዐረፍተ ነገሩን ለተረዳ ሰው ከዐውዱ የማይፈታ ቃል ጥቂት ነው። ሆኖም ከዐሥሩ ቃላት አራቱን ብቻ ለሚያውቅ ተማሪ ዐውዱ ራሱ ገና አልተፈታለትም። አንዲት አናባቢ የምትከብደው እንግዲህ በቋንቋው ደካማ በሆነው ላይ ነው፤ ደካማው ደግሞ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ብዙውን ወንበር የያዘው ተማሪ ነው።

ችግሩ ከዘመናዊው ትምህርት ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ መምህራን ልዩ ልዩ ልሳናትን ያስተምር ነበር፤ ከነዚህም መካከል እንግሊዝኛ አንዱ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም እንግሊዝኛን ከፈረንሳይኛ ጋር ይዞት ነበር። ነገር ግን እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ በባዕዳን ልሳናት መካከል የበላይነቱን የያዘው ፈረንሳይኛ ነው። የባቡሩ ኩባንያም ሆነ የውጭ ጉዳይ ሥራ በዚያው ቋንቋ ይሄድ ነበር። ፈረንሳይኛ የራሱ አስቸጋሪ ድምፆች አሉት፤ የ«ኢ» ድምፁ ግን አንድ ብቻ በመሆኑ ከአማርኛው ሣልስ ጋር ያለ ጭቅጭቅ ይገጥማል። በዚያ ዘመን የተማረው ኢትዮጵያዊ በአጭርና በረዥም «ኢ» መካከል እንዲለይ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ጠላት ከአገር ሲወጣ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ስፍራ ወሰደ። ስለ ሚስዮኖች ሥራ በ1936 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ አማርኛ ጠቅላላ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ቢደነግግም፣ መጻሕፍትና መምህራን ባለመኖራቸው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከታችኛዎቹ ክፍሎች በላይ የሚሠራበት እንግሊዝኛ ነበር። አማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ የሆነው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው መምህራኑ ከየት እንደ መጡ ነው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት የመሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን አባቶች የአፍ መፍቻቸው ፈረንሳይኛ ነበር። ከእነርሱ ጋር እንግሊዞች ነበሩ፤ ሕንዶች በብዛት ነበሩ፤ በመስከረም 1955 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ። አንድ ተማሪ ሰባተኛን ከሕንዳዊ፣ ስምንተኛን ከኢትዮጵያዊ፣ ዘጠነኛን ከአሜሪካዊ ሊማር ይችል ነበር። የአናባቢዎቹ ቁመት በየዓመቱ ሲለዋወጥበት ልጁ በመጨረሻ የተማመነው በራሱ ፊደል ነው።

በዚህም አንዳንድ ጊዜ ተጠቅሟል። የደቡብ እንግሊዝ ሰው በቃል መካከልና መጨረሻ ያለውን የ«ር» ድምፅ ስለሚውጠው፣ «ያዘ» ለማለት የሚጠቀምበት ቃልና ፍርድ ቤት የሚልበት ቃል በአፉ አንድ ናቸው። ኢትዮጵያዊው ግን የተጻፈውን «ር» ሳይጥል ያነባልና ሁለቱን በግልጽ ይለያቸዋል። ይህን እንደ ስሕተት ቈጥሮ ማረም አላስፈላጊ ድካም ነው፤ አሜሪካዊውም ስኮትላንዳዊውም «ር»ን ሳይውጡ ይናገራሉ።

ፊደሉ የከዳው በሌላ በኩል ነው። በእንግሊዝኛው ቃል ራስጌ ላይ አነባበቡን በአማርኛ ፊደል መጻፍ የቆየ የተማሪዎች ልማድ ነው፤ እንግሊዝኛን በግል ለማጥናት የሚሸጡ ትንንሽ መጻሕፍትም ይህንኑ ይከተላሉ። መርከቡም በጉም «ሺፕ» ተብለው ከተጻፉ በኋላ ልዩነቱን የሚመልስ ነገር የለም። ብዙ መምህራን በዚህ ምክንያት ልማዱን ይከለክላሉ። መከልከሉ ግን መፍትሔ አልሆነም፤ ተማሪው በድብቅ ይጽፋል፤ ደግሞም ጥፋቱ የፊደሉ ሳይሆን የአጻጻፉ ነው። አማርኛ ሰባት አናባቢዎች አሉት። ከነዚህ መካከል ግዕዙና ሳድሱ ለእንግሊዝኛ አጫጭር ድምፆች የቀረቡ ሆነው ሳለ ሳይሠራባቸው ቀርተዋል። የሕዝቡ አንደበት ግን ከመጻሕፍቱ ቀድሞ አግኝቷቸዋል። ማኅበር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሕዝቡ «ክላብ» ሳይል «ክለብ» ብሎ በግዕዝ ተቀብሎታል፤ «ትኬት» ሲልም አጭሩን «ኢ» በሳድስ አስቀምጦታል። እንግዲህ መቁረጥን «ከት»፣ ድመትን «ካት»፣ ኩባያን «ከፕ»፣ ቆብን «ካፕ»፣ መርከብን «ሽፕ»፣ በግን «ሺፕ»፣ መኖርን «ልቭ»፣ ለቆ መሄድን «ሊቭ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የአማርኛ ሳድስ በምላስ መካከል የሚፈጠር፣ የእንግሊዝኛው አጭር «ኢ» ግን ወደ ፊት የቀረበ ስለ ሆነ ሁለቱ ፍጹም አንድ አይደሉም። ቢሆንም ሁለት ቃላት ሁለት ሆነው መቅረታቸው አነባበቡ ከመጥራቱ ይቀድማል። ሙሉና ሞኝ የሚሉት ግን በዚህ መንገድ አይለዩም፤ ሁለቱም በካዕብ «ፉል» ከመባል አያመልጡምና ለእነርሱ ያለው ጆሮ ብቻ ነው።

እነዚህ ቃላት በእንግሊዝኛ ውስጥ ለምን እንዲህ ተቀራረቡ የሚለው ጥያቄ በክፍል ውስጥ እምብዛም አይነሣም፤ መልሱ ግን ለመምህሩ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ቃላቱ አይመሳሰሉም ነበር። በጉ በዚያ ዘመን በኀምስ ድምፅ ረዘም ተደርጎ «ሼፕ» ይባል ነበር፤ መርከቡ ደግሞ በሣልስ «ሺፕ»። ሞኙ በሳብዕ «ፎል»፣ ሙሉው በካዕብ «ፉል» ነበሩ። መቁረጥም በካዕብ «ኩት» ይባል ስለ ነበር ከድመት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ በሰሜን እንግሊዝ እስከ ዛሬ በካዕብ የሚሉት አሉ። ከ15ኛው እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ረዣዥሞቹ አናባቢዎች ከስፍራቸው ተነሥተው ወደ ላይ ወጡ። በግዕዝ ፊደል ቋንቋ ለመናገር፣ ረዥሙ ኀምስ ወደ ሣልስ፣ ረዥሙ ሳብዕ ወደ ካዕብ ተዛወረ። አጫጭሮቹ በዚህ ጉዞ ስላልተካፈሉ በጉ ከመርከቡ፣ ሞኙ ከሙሉው አጠገብ መጥተው ተቀመጡ። ዊልያም ካክስተን በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያውን ማተሚያ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1476 ስለ ሆነ፣ አጻጻፉ የረጋው ድምፁ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ነው። ዛሬ በጉ በሁለት «ኢ» ፊደላት፣ ሞኙ በሁለት «ኦ» ፊደላት የሚጻፉት የዱሮውን ረዥም ድምፅ ስለሚያስታውሱ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ፀሐይ ወጣ፣ «ሰረቀ» ማለት ሌባ ወሰደ ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ ነው። ድምፆቹ በጥንት ዘመን የተለያዩ ስለ ነበሩ ፊደላቱ ተለያዩ፤ በኋላ ድምፁ አንድ ሲሆን ልዩነቱ በጽሑፍ ብቻ ቀረ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በመዝገበ ቃላታቸው ይህን ልዩነት አጥብቀው ጠብቀዋል፤ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም «ዐዲስ» የሚለው የርእሱ ቃል ራሱ በዐይኑ «ዐ» ነበር። በእንግሊዝኛም መገናኘትና ሥጋ በአነባበብ ሁለቱም «ሚት» ሆነው በጽሑፍ ይለያያሉ፤ አንዱ በሁለት «ኢ»፣ ሌላው በ«ኢ»ና በ«ኤ» ፊደላት ይጻፋልና። «ሠ»ንና «ሰ»ን ለይቶ የሚጽፍ ተማሪ ይህን በአንድ ቀን ይረዳዋል። እርግጥ ነው፣ ሕጉ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ዳቦና ራስ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በ«ኢ»ና በ«ኤ» እየተጻፉ በአጭር ድምፅ ይነበባሉ።

መርከብና በግ ግን ከ«ሠረቀ»ና ከ«ሰረቀ» ይልቅ የሚመስሉት ሌላ ነገር ነው። በአማርኛ «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ፣ ሲጠብቅ የበላይ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። እነዚህ በድምፅ የሚለዩ፣ በጽሑፍ ግን የማይለዩ ናቸው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ «የእንግሊዝኛን ጥቃቅን የድምፅ ልዩነት መስማት አይችልም» የሚባለው ትክክል አይደለም። የርዝመትን ልዩነት ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰማል፤ የሚሰማው ግን በተነባቢው ላይ ነው። እንግሊዝኛ የሚጠይቀው ይህንኑ ጆሮ ወደ አናባቢው እንዲያዞር ነው።

የቀድሞው ትምህርት ቤት ጆሮን የማሠልጠን ዘዴ ነበረው። በንባብ ቤት ተማሪው በመልእክተ ዮሐንስ ላይ ከቁጥር ተነሥቶ በግእዝና በውርድ አድርጎ ቁም ንባብ እስኪደርስ ድረስ መምህሩ ፊት ቆሞ ያነባል፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የንባብ ስልቶች ሲስት ወዲያው ይታረማል። ወዳቂውን ተነሽ አድርጎ ማንበብ በንባብ ቤት እንደ ትልቅ ነውር ይቈጠራል። በቁርኣን ቤትም ተጅዊድ የሚማረው ልጅ እያንዳንዱ ድምፅ ከአፍ ውስጥ ከየት እንደሚወጣ፣ የትኛው አናባቢ ስንት እንደሚሳብ በሥርዓት ይማራል። ዐረብኛ ምላስን በጥርስ መካከል አድርገው የሚናገሯቸው ሁለት ድምፆች አሉት፤ እነርሱም እንግሊዝኛ ማሰብ በሚለው ቃልና ይህ በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ የሚያሰማቸው ናቸው። የአብረት ሸሆች ስም በሚጠራበት በጉራጌ ምድር ብዙ ሕፃናት እነዚህን ድምፆች ከእንግሊዝኛው መምህር በፊት ከቁርኣን መምህራቸው ሊያገኟቸው ይችላሉ። ዘመናዊው ክፍል ግን ልጁ ይዞት የመጣውን ሳይጠይቅ ማሰብን «ሲንክ» ሲል ይስቅበታል።

የአረቅጥ ነገር ከዚህ ላይ ይመጣል። አረቅጥ በጉራጌ ደጋ የጉመር ወረዳ ከተማ ናት። የአካባቢው ልጅ በቤቱ የሚሰማው ከሰባት ቤት ጉራጌ ልሳናት አንዱ የሆነውን የጉመርን አነጋገር ነው፤ ይህም ለቸሃ እጅግ የቀረበ ነው። በዞኑ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ የቆየው ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ለጉመር ልጅ ሁለተኛ ሳይሆን ሦስተኛ ልሳን ነው። በንግድ ምክንያት ዘመዱ አዲስ አበባ የሆነ፣ ለመስቀል ከዚያ ከሚመጡ ልጆች ጋር የሚጫወት ሕፃን አማርኛውን ቀድሞ ይለምዳል፤ ከከተማው ራቅ ብሎ በእንሰት መካከል ያደገው ግን አማርኛን በብዛት የሚያገኘው በክፍል ውስጥ ነው።

ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናቱ፣ ዎልፍ ሌስላውም እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ጥራዝ ባወጣው የጉራጌ ልሳናት መዝገበ ቃላት የነዚህን አነጋገሮች ልዩነት በዝርዝር አስቀምጠዋል። ለመምህሩ ከሁሉ የሚጠቅመው አንዱ ነጥብ ይህ ነው። እዣ ተነባቢን ያጠብቃል፤ ቸሃና ጉመር ግን ማጥበቅን ትተዋል። ጥንት ይጠብቅ የነበረው ድምፅ በእነርሱ ዘንድ በጥብቀት ፈንታ ወደ ሌላ ድምፅ ተለውጧል። አማርኛ «ሰበረ» የሚለውን እዣ በጠበቀ «በ» ሲለው፣ ቸሃ «ሰፐረ» ይለዋል። ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ ገበያ የሚገናኙ ጎረቤቶች ሲሆኑ፣ ልጆቻቸው ወደ ክፍል ይዘውት የሚገቡት ጆሮ ግን በዚህ ነገር የተለያየ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ «ገና»ና «ገና»፣ «ዋና»ና «ዋና» ለጉመር ልጅ በተፈጥሮ የተሰጡ ልዩነቶች አይደሉም። ለእርሱ የመጀመሪያዎቹ መርከብና በግ እነዚህ የአማርኛ ቃላት ናቸው፤ ፊደሉም ስለማያሳያቸው ከመምህሩ አፍ በቀር የሚያገኝበት ቦታ የለም። በታችኛው ክፍል ይህ ካልተሠራበት፣ በእንግሊዝኛው ክፍል «የአማርኛውን ጥብቀት አስቡ፤ አሁን ደግሞ አናባቢውን አርዝሙ» የሚለው ምክር ለእዣው ልጅ ሲጠቅም ለጉመሩ አይጠቅመውም። ሁለተኛው ደስ የሚል ነው። በአማርኛ «ፐ» ከውጭ በመጡ ቃላት ብቻ የሚገኝ እንግዳ ድምፅ ሲሆን፣ ለጉመር ልጅ የእናቱ ልሳን ነው። «ብ»ንና «ፕ»ን የሚለዩትን የእንግሊዝኛ ቃላት ከአማርኛ ተናጋሪው ጓደኛው ቀድሞ ሊያወጣቸው ይገባል። ቸሃ ከአማርኛ ሰባት አናባቢዎች ሌላ አፍ ሰፋ ተደርጎ የሚነገር «ኤ» እና «ኦ» እንዳሉትም ተመዝግቧል፤ አልጋንና መጥፎን ለመለየት ይህ ትንሽ ሀብት አይደለም።

አሜሪካዊው ቻርልስ ፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ሮበርት ላዶም በ1957 የባዕድ ቋንቋ መማሪያ የተማሪውን ልሳን ከሚማረው ልሳን ጋር በማነጻጸር መዘጋጀት አለበት ብለው ጽፈዋል። የአን ቤከር «ሺፕ ኦር ሺፕ» የተባለው ዝነኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው እንዲህ ያሉትን ጥንድ ቃላት ለማለማመድ ነው፤ ርእሱ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ የሚያሥቅ መሆኑ ራሱ ትምህርት ነው። በኢትዮጵያ በ1961 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው የቋንቋ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 በኦክስፎርድ ታትሞ፣ የእንግሊዝኛን ይዞታ ከአገሩ ልሳናት ጋር ጎን ለጎን አሳይቷል። የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ግን ለአገሩ ሁሉ አንድ ሆነው ሲዘጋጁ ኖሩ። በአብዮቱ ዘመን የተሠራበት «እንግሊዝኛ ለአዲሲቱ ኢትዮጵያ» ለጎንደሩም ለአረቅጡም ያው ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አደረገ፤ ይህም ዕድሜው ለድምፅ ትምህርት የተመቸ ስለ ሆነ በመርሕ ደረጃ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሥራው የወደቀው ራሳቸው ድምፆቹን ባልተማሩ የታችኛ ክፍል መምህራን ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ የገባው የፕላዝማ ትምህርትም የድምፅ ምሳሌ አምጥቶ ነበር፤ የሚናገረው ግን አይጠብቅም፣ አይደግምም፣ የሳተውንም አይሰማም። ሞዴል ድምፅ ማሰማት ከትምህርቱ ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ የተማሪውን ድምፅ ሰምቶ ማረም ነው።

መንገዱ የሚያልፍ መሆኑን የሚያሳይ ሰው ከዚያው ምድር ወጥቷል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በጉራጌ ተወልዶ በእምድብር የሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በካሊፎርኒያ ሳለ በቸሃ የጻፈውን ስለ ሽነጋ መንደር የሚተርክ ሥራ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። ከዚያ በኋላ «አፈርሳታ» የተባለውን ልብ ወለድ በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጽፎ በለንደን አሳተመ። የቸሃው ጽሑፍ የተጻፈው በአማርኛው ፊደል ነው።

ለአረቅጥ ዓይነት ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ዝግጅት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በታችኛው ክፍል ከሣምንቱ ጥቂት ደቂቃ ለአማርኛ ጥብቅና ላላ ቃላት መስጠት፤ ተማሪው ቃሉን ከማለቱ በፊት ሰምቶ እንዲለይ፣ ለምሳሌ መምህሩ «ገና» ሲል ለበዓሉ ቀኝ እጅ ለጊዜው ግራ እጅ እንዲያነሣ ማድረግ፤ በእንግሊዝኛውም እንዲሁ ለመርከቡ አንዱን እጅ ለበጉ ሌላውን። መምህሩ አፉን በደብተር ሸፍኖ ሊናገር ይገባል፤ ከንፈር አይቶ የሚለይ ተማሪ ገና አልሰማምና። በዚህ ጨዋታ ስድሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ ይሳተፋል፤ ማን እንዳልሰማ በአንድ እይታ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ተራው የአፍ ነው፤ ጽሑፍ መጨረሻ ይመጣል፤ የሚጻፈውም መርከብን በሳድስ፣ በግን በሣልስ አድርጎ ነው። የ«ብ»ና የ«ፕ» ጥንዶች በጉመር ልጆች ክፍል በመጀመሪያው ቀን ቢቀርቡ፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ የሚጀምሩት ከሚያውቁት ይሆናል።